ባርኔጣ አዙረው ያቆሙት ፓርክ

ሜይ 18 ቀን 1900 ምሽት ላይ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ከሳን ሆዜ ከተማ በስተደቡብ ምዕራብ ባሉት የሳንታ ክሩዝ ተራሮች ውስጥ ጥቂት ሰዎች እሳት አንድደው ተቀምጠዋል። ሸለቆው ቢግ ቤዝን ይባላል። ዙሪያቸውን የከበቧቸው ዛፎች ሬድዉድ የሚባሉት የካሊፎርኒያ ዛፎች ናቸው፤ ጫፋቸውን ለማየት አንገት እስኪያም ቀና ማለት ይጠይቃል፣ ከመካከላቸው ከሺህ ዓመት በላይ የኖሩ አሉ። ከሸለቆው ውጭ ያለው ደን ግን እያለቀ ነው። ወርቅ ፈላጊዎች ወደ ካሊፎርኒያ ከጎረፉበት ጊዜ አንሥቶ መጋዝ አላረፈበትም፤ ግንዱ የሳን ፍራንሲስኮ ቤቶች ግድግዳ፣ የባቡር ሐዲድ ርብራብ ሆኗል። ይህ ሸለቆም ቢሆን በእንጨት ነጋዴዎች እጅ ነው፤ ተራውን እየጠበቀ ነው።

እሳቱን የከበቡት ሰዎች ሥልጣን የላቸውም። ፎቶ አንሺ አለ፣ ጸሐፊ ሴት አለች፣ ነገሩ ያሳሰባቸው የአካባቢው ነዋሪዎች አሉ። ጫካውን በዓይናቸው ሊያዩ መጥተው፣ ካዩ በኋላ ዝም ብሎ መመለስ ከበዳቸው። እዚያው ማኅበር አቋቋሙ፤ ስሙንም ከዛፉ ሳይንሳዊ ስም ወስደው ሴምፐርቫይረንስ ክለብ አሉት። ባርኔጣ ዞረ። የተሰበሰበው 32 ዶላር ነበር።

የማኅበሩ ቆስቋሽ አንድሩ ሂል ይባላል፤ ሳን ሆዜ ውስጥ የሚሠራ ሠዓሊና ፎቶ አንሺ ነው። ለዚህ ሥራ ያነሣሣው ንዴት ነበር። በ1899 በእነዚሁ ተራሮች ላይ ሰደድ እሳት ሲነሣ፣ ውሃ ያጠራቸው ሰዎች ከወይን ጠጅ መጥመቂያ ወይን እየቀዱ እሳቱን ተከላክለው ነበር። ይህን የሰማ አንድ የእንግሊዝ መጽሔት ለዘገባው የሚሆን ፎቶ እንዲያነሣለት ሂልን ቀጠረው። ሂል በዚሁ ሰበብ ፌልተን ወደሚባለው ስፍራ ተሻግሮ በግል ይዞታ ውስጥ ያሉትን ግዙፍ ሬድዉዶች አነሣ። ባለቤቱ ደረሰበትና ኔጋቲቩን አስረክበኝ አለው። ሂል አላስረክብም ብሎ ወጣ። እንዲህ ያሉ ዛፎች ማንም ሰው ፈቃድ ሳይለምን የሚያያቸው የሕዝብ ሀብት መሆን አለባቸው የሚለው ሐሳብ ከዚያ ቀን ጀምሮ አልለቀቀውም። ያው ሰደድ እሳት ቤታቸውን የበላባቸው ጸሐፊ ጆሴፊን መክራኪንም ለሳንታ ክሩዝ ጋዜጣ ደብዳቤ ልከው ሕዝቡ ለዛፎቹ እንዲቆም ጠየቁ። ቤቱ የተቃጠለበት ሰው ስለራሱ ካሳ መጻፍ ሲገባው ስለ ዛፍ መጻፉ እኔን እስካሁን ይገርመኛል።

ከዚያ በኋላ ያለው አሥር ወር የጉትጎታ ታሪክ ነው። የሴቶች ክበባት ደብዳቤ ጻፉ። ሂል ፎቶግራፎቹን ይዞ ወደ ስቴቱ ዋና ከተማ ወደ ሳክራሜንቶ ተመላለሰ። የሳንታ ክላራ ኮሌጅ ፕሬዚዳንት የነበሩት ካቶሊካዊው ቄስ ሮበርት ኬና ምክር ቤት ፊት ቀርበው ተናገሩ። በ1901 ለግዢው 250,000 ዶላር የሚፈቅደው ሕግ ጸደቀ፤ በ1902 ስቴቱ 3,800 ኤከር፣ ማለትም ከ1,500 ሄክታር በላይ፣ ገዛ። ቢግ ቤዝን ዛሬም ድረስ ያለ የካሊፎርኒያ አንጋፋ የስቴት ፓርክ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማብራራት ያስፈልጋል። አሜሪካ ውስጥ ፓርክ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው የሎውስቶንን ወይም ዮሰሚቴን ነው። እነዚህ ብሔራዊ ፓርኮች ናቸው፤ ባለቤታቸው የፌዴራሉ መንግሥት ነው። የስቴት ፓርክ ግን የአንድ ክፍለ ግዛት ንብረት ነው፤ በጀቱን የሚመድበው የስቴቱ ምክር ቤት፣ ዳይሬክተሩን የሚሾመው የስቴቱ ገዢ ነው። ካሊፎርኒያ ብቻ 280 ገደማ አሏት፤ ደን፣ የባሕር ዳርቻ፣ በረሃ፣ አሮጌ ምሽግ፣ የደራሲ መኖሪያ ቤት ሁሉ አለበት። ዮሰሚቴ ራሱ አንድ ጊዜ የስቴት ነበር፤ ፕሬዚዳንት ሊንከን በ1864፣ የእርስ በርስ ጦርነቱ ገና ሳያልቅ፣ ሸለቆውን ለካሊፎርኒያ ሰጥተው ከቆየ በኋላ በ1906 ወደ ፌዴራሉ ተመለሰ። የስቴት ፓርክ ለሰው ቅርብ ነው። ብዙ ሰው ቅዳሜ ጠዋት ተነሥቶ ደርሶ ማታ ቤቱ ይገባል። ድክመቱም ከዚሁ ቅርበት ይመጣል፤ የስቴቱ ካዝና ሲሳሳ ከትምህርት ቤትና ከሆስፒታል ጋር ተሰልፎ ቀድሞ የሚቀነስለት እሱ ነው። ስለዚህ ከጀርባው የሚጮህለት ሰው ከሌለ አይቆምም። ካሊፎርኒያውያን ይህን ቀድመው ያወቁ ይመስለኛል፤ በ1928 ለፓርኮች መሬት መግዣ የ6 ሚሊዮን ዶላር ቦንድ ለሕዝብ ድምፅ ሲቀርብ ከአራት መራጮች ሦስቱ ገደማ ደግፈውታል። ሕጉም ለእያንዳንዱ የስቴት ዶላር ከሕዝብ የሚመጣ አንድ ዶላር እንዲጨመር ያዝዝ ነበር። ከመነሻው ሕዝቡ ባለድርሻ ነበር።

ስለ ስቴት ፓርኮች ስጠየቅ ግን ቀድሞ የሚመጣልኝ ጫካ አይደለም። ቱላሬ ካውንቲ ውስጥ፣ ከቤከርስፊልድ በስተሰሜን፣ ዛፍ እምብዛም በሌለበት ጠፍጣፋ ሜዳ ላይ የቆመች የእንጨት ቤቶች መንደር ናት። አለንስዎርዝ ትባላለች።

ኮሎኔል አለን አለንስዎርዝ በ1842 ኬንታኪ፣ ሉዊቪል ውስጥ በባርነት ተወለዱ። ባሪያ ፊደል መቁጠር በማይፈቀድለት ዘመን ማንበብ በመማራቸው ተሸጡ። የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲነሣ አምልጠው የሰሜኑን ወገን ተቀላቀሉ፣ በባሕር ኃይሉም አገለገሉ። በኋላ ቄስ ሆኑ፤ በ1886 ጥቁሮች ወታደሮች በሚያገለግሉበት በ24ኛው እግረኛ ሬጅመንት የሠራዊቱ ቄስ ሆነው ተሾሙ። በ1906 በሌተና ኮሎኔልነት ጡረታ ሲወጡ በአሜሪካ ሠራዊት ከጥቁሮች መኮንኖች ሁሉ ከፍተኛውን ማዕረግ የያዙ እሳቸው ነበሩ። አርፈው መቀመጥ ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን ከመምህሩ ዊልያም ፔይንና ከሌሎች ጋር ሆነው በ1908 ጥቁሮች መሬት የሚገዙባት፣ ራሳቸው የሚያስተዳድሯት፣ ልጆቻቸውን ያለ መሸማቀቅ የሚያስተምሩባት ከተማ ቆረቆሩ። ትምህርት ቤት ተሠራ። በ1913 ቤተ መጻሕፍት ተከፈተ። ሆቴል፣ ሱቅ፣ ፖስታ ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን ቆመ፤ የራሷ ዳኛም ነበራት።

መከራ ግን ለመምጣት ብዙ አልቆየም። ውሃ ለማቅረብ ቃል የገባው የመሬት ኩባንያ ቃሉን አላከበረም፣ የጉድጓዱ ውሃ እያነሰ ሄደ። በ1914 የባቡር ኩባንያው ጣቢያውን ወደ ጎረቤት መንደር አዞረው፤ ከባቡሩ ጋር ንግዱ ሄደ። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 14 ቀን ኮሎኔሉ ሞንሮቪያ በምትባል ከተማ መንገድ ላይ ሳሉ ሞተር ብስክሌት ገጭቷቸው አረፉ። ከተማዋ እየሳሳች ኖረች፤ በ1960ዎቹ ደግሞ የመጠጥ ውሃዋ ውስጥ አርሴኒክ የተባለው መርዝ ተገኘ። ቤቶቹ አንድ በአንድ እየፈረሱ፣ እየተሸጡ ነበር።

ይህችን መንደር ወደ ፓርክነት ያመጣት አንድ ንድፍ ነዳፊ ነው። ኮርኔሊየስ ፖፕ በልጅነቱ እዚያ ኖሯል፤ አድጎ በካሊፎርኒያ የፓርኮች መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ ነበር። ሥራው የሌሎች ሰዎችን ታሪካዊ ቦታዎች በወረቀት ላይ መንደፍ ነው። በ1968 ማርቲን ሉተር ኪንግ ሲገደሉ፣ ስለ ጥቁር ሕዝብ ታሪክ አንድ የሚታይ ነገር ይቁም ብሎ ተነሣ፤ አለንስዎርዝ ትዳን የሚለውን ሐሳብ ለአለቆቹ አቀረበ። ከውስጥ ሆኖ ብቻውን አልገፋውም። የቀድሞ ነዋሪዎች፣ ልጆቻቸው፣ አብያተ ክርስቲያናት፣ የጥቁር ሕዝብ ማኅበራትና የምክር ቤት አባላት ተከተሉት፣ አማካሪ ኮሚቴም ተቋቋመ። ስቴቱ መሬቱን በ1970ዎቹ መጀመሪያ ገዛ፤ በኦክቶበር 1976 ፓርኩ በይፋ ተመረቀ። ቤቶቹ አንዱ ሲታደስ ሌላው በቀድሞ መልኩ ሲሠራ፣ መንደሯ ወደ ነበረችበት ተመለሰች።

ፓርክ ማክበር ማለት ምን እንደሆነ ማየት የፈለገ ወደዚያ ይሂድ። በየዓመቱ ኦክቶበር ላይ የምረቃው መታሰቢያ ይከበራል፤ ጁን ላይ ደግሞ የባርነት ማብቂያ በዓል የሆነው ጁንቲንዝ። ሌላ ቀን ለወሬ የሚሆን ሰው የማይገኝበት ሜዳ በእነዚህ ቀናት ይሞላል። ከሎስ አንጀለስ፣ ከኦክላንድ፣ ከሳክራሜንቶ ሰው በአውቶቡስና በመኪና ይመጣል፤ በ1914 ጀርባውን የሰጣት ባቡርም በበዓል ቀን ለተሳፋሪዎች እዚያ ይቆማል። በጎ ፈቃደኞች የዚያን ዘመን ልብስ ለብሰው በየቤቱ በር ላይ ቆመው እንግዳ ይቀበላሉ። ይህ ሱቅ የማን ነበር፣ ይህች ክፍል ስንት ልጅ ትይዝ ነበር፣ ሁሉንም ይነግሩሃል። የሚነግሩህ የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኞች ብቻ አይደሉም፤ አያቶቻቸው እዚያ የኖሩ ሰዎችም አሉ። በተቀጠረ አስጎብኚ አንደበትና በባለቤት አንደበት መካከል ያለው ልዩነት ያኔ ይገባሃል።

የበዓሉ ሰዎች የክፉ ቀንም ሰዎች መሆናቸው በ2007 ታየ። የካውንቲው ቦርድ ከፓርኩ ብዙም በማይርቅ መሬት ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ ላሞች የሚይዙ ሁለት ግዙፍ የወተት እርባታዎች እንዲከፈቱ ፈቀደ። ሽታው፣ ዝንቡ፣ ከእበቱ የሚሰርገው ፍሳሽ ከዚያች መንደር ጋር አብሮ አይኖርም። የፓርኩ ወዳጆች ማኅበር፣ የጥቁር ሕዝብ ድርጅቶችና የአካባቢ ጥበቃ ተሟጋቾች በየስብሰባው ተገኝተው ተቃወሙ፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ፣ ምክር ቤት ገባ። በመጨረሻ ስቴቱ ከባለ መሬቱ ጋር ተስማምቶ፣ ገንዘብ ከፍሎ እርባታው እንዲቀር አደረገ። ገበሬውም ካሳውን አገኘ፣ መንደሯም አየሯን አገኘች። ኦክቶበር ላይ ሜዳው ላይ የሚሞላው ሕዝብ ባይኖር ኖሮ ይህ ስምምነት ይመጣ ነበር ብዬ አላምንም። ባለሥልጣን ወረቀት ላይ ያለ ፓርክን ሊረሳ ይችላል፤ ሰው የሞላበትን በዓል ግን በዓይኑ አይቶታል።

በስቴት ፓርኮች ሁሉ ላይ ግን ትልቁ ፈተና የመጣው ከውጭ ሳይሆን ከቤት ነው። በ2008 መጀመሪያ ገዢው አርኖልድ ሽዋርዘኔገር በጀት ለማሟላት 48 ፓርኮች እንዲዘጉ ሐሳብ አቀረቡ፤ በዓመቱ ከ200 በላይ የሚሆኑት ዝርዝር ውስጥ ገቡ። በሁለቱም ጊዜ ከሕዝብ በወረደው የደብዳቤና የስልክ ናዳ ሐሳቡ ተመለሰ። በ2010 ደጋፊዎች ለእያንዳንዱ መኪና ዓመታዊ ምዝገባ 18 ዶላር ተጨምሮ ገንዘቡ ለፓርኮች እንዲውል፣ የከፈለውም በነጻ እንዲገባ የሚል ሐሳብ ለሕዝብ ድምፅ አቀረቡ። ወደቀ። ኢኮኖሚው ደክሞ ሰው ሥራ እያጣ በነበረበት ዓመት የመጣ በመሆኑ በመራጩ አልፈርድም። በሜይ 2011 ግን የመሥሪያ ቤቱ ዝርዝር ወጣ፤ 22 ሚሊዮን ዶላር ለመቆጠብ 70 ፓርኮች እስከ ጁላይ 1 ቀን 2012 ይዘጋሉ።

ከዚያ የሆነው በአገራችን ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው ነው። ለትርፍ ያልቆሙ ድርጅቶች ፓርክ ተረክበው እንዲያስተዳድሩ የሚፈቅድ ሕግ ወጣ። ደራሲው ጃክ ለንደን የኖረበትንና የተቀበረበትን ፓርክ የአካባቢው ሰዎች ማኅበር በሜይ 2012 ተረከበ፤ በዚህ ዓይነት ሙሉ በሙሉ በማኅበር የተያዘ የመጀመሪያው እሱ ነው። እዚያው ሶኖማ ካውንቲ ውስጥ ሹገርሎፍ የሚባለውን ተራራማ ፓርክ ደግሞ በአንድ የአካባቢ ጥበቃ ማዕከል የሚመራ ኅብረት ወሰደው። ሌላው ቦታ ከተማ አስተዳደሮች ተረከቡ፣ ለጋሾች የአንድ ዓመት ወጪ ሸፈኑ፣ ሰፈርተኛው ኬክ ጋግሮ ሸጠ፣ ጡረተኞች የመጸዳጃ ቤት ቁልፍ ተቀብለው በፈረቃ ጠረጉ። ቀኑ ሲደርስ ከ70ዎቹ ፓርኮች አብዛኞቹ በራቸው ክፍት ነበር።

ወር ሳይሞላ አስደንጋጩ ወሬ ወጣ። የፓርኮች መሥሪያ ቤት ለዓመታት ለበጀት ሰዎች ሳያሳውቅ በሁለት የሒሳብ ቋቶች ውስጥ ወደ 54 ሚሊዮን ዶላር ይዞ ኖሯል። ከዚህ ውስጥ 20 ሚሊዮን ገደማው በቀጥታ የፓርኮቹ ነው፤ የቀረው ለመስክ ተሽከርካሪዎች መንጃ ቦታዎች የተመደበ ነበር። ዳይሬክተሯ ሥልጣን ለቀቁ። ኬክ ጋግራ የሸጠችውን ሴት፣ ሽንት ቤት የጠረጉትን ሽማግሌ አስቧቸው። የለም በተባለ ገንዘብ ምክንያት ነበር ከኪሳቸው ያወጡት።

ብዙዎች ተቆጡ፣ ልገሳችንን መልሱልን ያሉም ነበሩ። ቁጣቸው ልክ ነው። ዋናው ነገር ግን ከቁጣው በኋላ የተደረገው ነው፤ ማኅበራቱ ፓርኮቹን ጥለው አልሄዱም፣ ምክር ቤቱን ግን ያዙት። በዚያው ዓመት የወጣው ሕግ ለሁለት ዓመት ፓርክ መዝጋት አገደ፤ ከተገኘው ገንዘብም 10 ሚሊዮኑ ሕዝብ ባዋጣው ልክ እንዲጨመር መደበ። እኔ ከዚህ ታሪክ የያዝኩት አቋም ይህ ነው፦ ለፓርክ መቆርቆር መንገድ መጥረግና ችግኝ መትከል ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም። የሒሳብ መዝገብ አሳዩን ማለትም እኩል ሥራ ነው። እድር ውስጥ ገንዘብ ያዥ በየጊዜው ሒሳብ ያቀርባል፤ የሚጠይቅ አባልም በክፉ አይታይም። ፓርክ የሚያህል የጋራ ንብረት ከእድር ያነሰ ቁጥጥር ሊደረግበት አይገባም። በጎ ፈቃደኛ የመንግሥትን ቀዳዳ የሚደፍን ነጻ ጉልበት ሆኖ ከቀረ፣ ቀዳዳው በየዓመቱ ይሰፋል። ሹገርሎፍም ሆነ የጃክ ለንደን ፓርክ እስካሁን በማኅበራቱ እጅ በደንብ ተይዘው መቀጠላቸው ደስ ያሰኛል፤ ግን ሀብታም ጎረቤት ስላላቸው መሆኑ መዘንጋት የለበትም። ሶኖማ የወይን እርሻና የባለጸጎች አገር ነው። አለንስዎርዝ ዙሪያ የሚኖረው የእርሻ ሠራተኛ ነው፤ እሱ 22 ሚሊዮን ቀርቶ 22 ሺህ ማዋጣት ይከብደዋል። ስለዚህ የስቴት ፓርክ በስቴቱ ገንዘብ መቆም አለበት፤ የሰው መዋጮ ጭማሪ እንጂ መሠረት ሊሆን አይችልም።

ቢግ ቤዝን ራሱ በኦገስት 2020 እሳት በላው። በመብረቅ የተነሣው ሰደድ እሳት ከፓርኩ 97 በመቶውን አዳረሰ፤ ታሪካዊውን ዋና ጽሕፈት ቤት ጨምሮ ከመቶ የሚበልጡ ሕንፃዎች አመድ ሆኑ። ሬድዉዶቹ ግን ወፍራም ቅርፊታቸው እንደ ጋሻ ሆኗቸው አብዛኞቹ ተረፉ፤ ከከሰለው ግንዳቸው ላይ በወራት ውስጥ አረንጓዴ ቡቃያ ፈነዳ። ፓርኩ በጁላይ 2022 በከፊል ተከፈተ። ከ1900 የወረሰው ስም ያለው ሴምፐርቫይረንስ የተባለው ድርጅት ዛሬም መሬት እየገዛ፣ ለማገገሚያው ገንዘብ እያሰባሰበ ነው። አዲሱ ዕቅድ ሲረቀቅም ሕንፃዎቹ ዛፎቹ ሥር ተመልሰው ይሠሩ ወይስ ራቅ ይበሉ የሚለው ጥያቄ ለሕዝብ አስተያየት ቀርቦ ነበር።

ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡት መካከል በሳን ሆዜ፣ በኦክላንድ፣ በሎስ አንጀለስና በሳን ዲዬጎ የሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችን እንዳሉ አውቃለሁ። የልጅ ምርቃት ፎቶ፣ የሠርግ ማግስት ሽርሽር፣ የበዓል ጥብስ በእነዚህ ፓርኮች ውስጥ ታደርጋላችሁ። ታክሳችሁም ገብቶባቸዋል፤ እንግዶች አይደላችሁም። የመግቢያው ክፍያ የሚከብድ ከሆነ ከ2022 ወዲህ በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት እንደ መጽሐፍ ተውሰው የሚሄዱበት የመኪና ማለፊያ አለና ሰፈራችሁ ያለውን ቤተ መጻሕፍት ጠይቁ። አንድ ቅዳሜ ከልጆቻችሁ ጋር ለጽዳት ወይም ለችግኝ ተከላ ተመዝገቡ፤ የቤተ ክርስቲያናችሁን ወይም የመስጊዳችሁን ወጣቶች ይዛችሁ ብትሄዱ ደግሞ የተሻለ ነው። የፓርኩ ዕቅድ ለአስተያየት ሲቀርብ በእንግሊዝኛ መጻፍ ቢያስቸግራችሁ ልጆቻችሁ ይጻፉላችሁ፤ ስማችሁና የምትኖሩበት ከተማ ይግባበት። ለወረዳችሁ የምክር ቤት ተወካይም በበጀት ወራት ደውሉ፤ ስንት ሰው እንደደወለ ይመዘገባል። ኦክቶበር ሲመጣ ደግሞ ጠዋት ተነሥታችሁ አለንስዎርዝ ሂዱ። የምረቃ መታሰቢያው ለሁሉም ክፍት ነው፤ ጥላና ውሃ ያዙ፣ ሜዳው ፀሐያማ ነው።